ከሩጫ ፍጥነታችሁ ጋር የሚሄድ ሙዚቃ መምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ሐይቅ ዳር የሚሮጡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከበድ ያለው እንሄዳለን።

ምትና ሩጫን ምን አገናኛቸው?

እያንዳንዱ ዘፈን በደቂቃ የተወሰነ ምት አለው። ሙዚቀኞች ቢፒኤም ይሉታል። ሯጭም በደቂቃ የተወሰነ እርምጃ ይረግጣል። ሁለቱ ቁጥሮች ሲቀራረቡ እግር ማንም ሳያዘው ምቱ ላይ ማረፍ ይጀምራል። ሰርግ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው ጫማቸው ብቻ የሚጨፍር አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ነገሩ እሱ ነው።

ጥቅሙ በሁለት በኩል ነው። እርምጃችሁ ወጥ ይሆናል፤ መጀመሪያ ላይ በርሮ መጨረሻ ላይ መጎተት ይቀንሳል። ድካሙም ቀለል ብሎ ይሰማችኋል። ሰውነት ያው ሥራውን ይሠራል፣ ሐሳባችሁ ግን ከትንፋሻችሁ ተነስቶ ዘፈኑ ላይ ያርፋል።

የማመሳስለው ከልብ ምቴ ጋር ነው ወይስ ከእግሬ ጋር?

ከእግር ጋር። የልብ ምት በሙቀት፣ በቡና፣ በእንቅልፍ ማጣት ይለዋወጣል። የዛሬው ከትናንቱ ይለያል። እርምጃ ግን በአንድ ፍጥነት እስከሮጣችሁ ድረስ ብዙም አይዋዥቅም። ደግሞም ልባችሁን በፈቃዳችሁ ዘፈን ላይ ማሳረፍ አትችሉም፤ እግራችሁን ትችላላችሁ።

እርምጃዬን እንዴት ነው የምቆጥረው?

ሙዚቃውን አጥፉና 10 ደቂቃ ያህል በሶምሶማ ሩጡ። ሰውነታችሁ ሲሞቅና ወደ ተለመደው ፍጥነታችሁ ስትገቡ፣ ቀኝ እግራችሁ መሬት በነካ ቁጥር ለ30 ሰከንድ ቁጠሩ። ያገኛችሁትን በ4 አባዙት። 41 ከቆጠራችሁ በደቂቃ 164 እርምጃ ትሮጣላችሁ ማለት ነው። ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ ይሁን፤ ዳገትና ኮብልስቶን ቁጥሩን ያዛቡታል። ሁለት ሦስት ጊዜ ብትደጋግሙት የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም ሰው እየቆጠረ መሆኑን ሲያውቅ ሳይታወቀው እግሩን ያሳምራል።

ስማርት ሰዓት ያለው ሰው ቁጥሩን እዚያው ያገኘዋል። አንዳንዱ ሰዓትና አፕ ግን የአንድ እግርን ብቻ ነው የሚያሳየው። 82 የሚል ካያችሁ አትደንግጡ፣ በሁለት አባዙት።

180 እርምጃ ካልሆነ ትክክለኛ ሩጫ አይደለም ይላሉ። እውነት ነው?

አይደለም። ቁጥሩ የመጣው ከአሜሪካዊው አሰልጣኝ ከጃክ ዳንኤልስ ነው (መጠጡ አይደለም፣ ሰውየው)። እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ላይ የምርጥ ሯጮችን እርምጃ ቆጠረ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በደቂቃ 180ና ከዚያ በላይ ሆነው ተገኙ። ልብ በሉ፣ እነዚያ ሰዎች በዓለም ትልቁ ውድድር ላይ፣ በውድድር ፍጥነት እየሮጡ ነበር። እኔና እናንተ ከሥራ በፊት ሶምሶማ ላይ ነን።

ብዙ ተራ ሯጭ ከ150 እስከ 175 ባለው ውስጥ ነው የሚገኘው። ቁመት፣ የእግር ርዝመትና ፍጥነት ሁሉም ይወስኑታል። ቁመተ ረጅም ሰው በዝግታ ሲሮጥ 155 ቢመታ ምንም ችግር የለውም።

ማሳደግ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ግን አሉ። እግራቸውን ከፊታቸው ርቀው የሚዘረጉ፣ ተረከዛቸው ድም ድም የሚል፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው። ለእነሱ እርምጃን ከ5 እስከ 10 በመቶ መጨመር መርገጫውን ያሳጥረዋል፣ ጉልበት ላይ የሚያርፈውንም ጫና ይቀንሳል። ከ160 ወደ 168 እንደ ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ደግሞ ከሙዚቃ የተሻለ ረዳት የለም። የ168 ዘፈን ትከፍቱና እግራችሁ ይከተላል፤ መቁጠር አያስፈልግም። በአንድ ጊዜ አትዝለሉ፤ በ5 በመቶ ጀምሩ፣ ሲለምድላችሁ ትጨምራላችሁ።

ለየትኛው ፔስ (አንድ ኪሎ ሜትር ለመሮጥ የሚፈጅባችሁ ደቂቃ) የትኛው ምት ነው የሚሆነው?

ሁሉም የሚፈልገው ሰንጠረዥ ነው። ኢንተርኔት ላይም ሞልቷል፤ እኔ ግን ብዙ አላምነውም። ምክንያቱን በሒሳብ ላሳያችሁ።

አንዱን ኪሎ ሜትር በ7 ደቂቃ የምትሮጥ ሴት አለች እንበል። በደቂቃ 160 እርምጃ ትመታለች። ኪሎ ሜትሩን በ1,120 እርምጃ ጨረሰችው ማለት ነው፤ አንዱ እርምጃዋ 89 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህችው ሴት ጠንክራ ሠርታ ኪሎ ሜትሩን በ5 ደቂቃ መሮጥ ቻለች። አሁን 172 ትመታለች እንበል። 860 እርምጃ ሆነ፤ አንዱ 1 ሜትር ከ16። ፍጥነቷ በ40 በመቶ ሲጨምር የእርምጃዋ ቁጥር የጨመረው በ7.5 በመቶ ብቻ ነው። ቀሪውን ያመጣው የእርምጃው ርዝመት ነው። ርዝመት ደግሞ ከጡንቻና ከሳንባ እንጂ ከኢርፎን አይመጣም።

ስለዚህ ፔስ ይዛችሁ ዘፈን አትፈልጉ። እርምጃችሁን ይዛችሁ ፈልጉ። እንደ መነሻ ያህል፣ ለዝግታ ሩጫ ከ150 እስከ 165፣ መካከለኛ ለሆነው ከ160 እስከ 172፣ ለፈጣኑ ከ170 በላይ ብትሞክሩ አትሳሳቱም። የራሳችሁ ቆጠራ ከዚህ ጋር ከተጋጨ የራሳችሁን እመኑ።

160ና 170 የሚመታ ዘፈን አላገኘሁም። ሁሉም 80ና 90 ነው!

አግኝታችኋል። 82 የሚመታ ዘፈን ለሯጭ 164 ነው። በአንዱ ምት ላይ ቀኝ፣ በመሐል ላይ ግራ ትረግጣላችሁ። ሬጌና ሂፕሆፕ ብዙውን ጊዜ እዚህ ክልል ውስጥ ስለሚወድቁ ቀስ ያሉ መስለው ለሩጫ ይመቻሉ። አለቀ።

የአንድን ዘፈን ምት እንዴት አውቃለሁ?

ስልክ ላይ የሚጫኑ ምት ቆጣሪ አፖች አሉ። ከዘፈኑ ጋር ስክሪኑን በጣት መታ መታ ስታደርጉ ቁጥሩን ይነግሯችኋል። አፕ ለመጫን ሰነፍ ከሆናችሁ 15 ሰከንድ በጭብጨባ ቁጠሩና በ4 አባዙ። ዘፈኑን ሰምተው ቁጥሩን ራሳቸው የሚገምቱ አፖችም አሉ። ለፈረንጅ ዘፈን ደህና ናቸው። የእኛ ላይ ሲደርሱ ይንተባተባሉ፤ የሚቀጥለውን ጥያቄ እዩ።

ከሁሉም የሚበልጠው መፈተኛ ግን ቤት ውስጥ ነው። ዘፈኑን ክፈቱና ቦታችሁ ላይ ቆማችሁ ዱብ ዱብ በሉ። እግራችሁ ሳይጨነቅ ከገባበት ለመንገድም ይሆናል።

አፑ ለአንድ የአማርኛ ዘፈን አንዴ 112፣ አንዴ 168 ይለኛል። የቱ ነው ትክክል?

ሁለቱም። ጥፋቱ የአፑ አይደለም፣ የችክችካ ጠባይ ነው።

ችክችካ በአንድ ዙር ውስጥ ስድስት ፈጣን ምቶች አሉት። ስድስቱን ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ብትሰሟቸው ሁለት ትልልቅ ምት ይሆናሉ። ሰርግ ላይ የምናጨበጭበው በዚህኛው ነው፣ ትከሻም የሚሰበቀው ብዙውን ጊዜ በዚሁ ነው። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ብትሰሟቸው ግን ሦስት ምት ይሆናሉ። ዘፈኑ ያው፣ ፍጥነቱ ያው፣ ቆጠራው ነው የተለየው። ስለዚህ ጭብጨባው በደቂቃ 112 ከሆነ በሦስቱ ስትቆጥሩት 168 ይሆናል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የጭብጨባውን ቁጥር በአንድ ተኩል አባዙ።

ይህ ለሯጭ ትልቅ ሀብት ነው። 112 ፈጠን ያለ እርምጃ ነው፤ የችኮላ አካሄድ። 168 ደግሞ ሩጫ ነው። በአንድ ዘፈን ማሟሟቅም መሮጥም ይቻላል ማለት ነው። መጀመሪያ በጭብጨባው ትራመዳላችሁ፣ ከዚያ ዘፈኑን ሳትቀይሩ በሦስቱ ላይ ወደ ሩጫ ትገባላችሁ። መጀመሪያ ላይ እግር ግራ ይጋባል። ብልሃቱ ጭብጨባውን ትቶ ከሥር ያለውን ጥቃቅን ምት፣ የከበሮውን ጠርዝ ወይም ጸናጽሉን መስማት ነው። አንዴ ከገባችሁ አይለቃችሁም።

ሌላም ነገር አለው። በአራት የሚቆጠር ዘፈን ላይ ስትሮጡ ጠንካራው ምት ሁልጊዜ በአንድ እግር ላይ ይወድቃል፤ ቀኝ ላይ ከጀመረ እስከ መጨረሻው ቀኝ ነው። በሦስት ስትረግጡ ግን አንዴ ቀኝ፣ አንዴ ግራ ይሆናል። ክብደቱ ለሁለቱም ይዳረሳል። የችክችካ ሩጫ እንደ ጭፈራ የሚሰማው ለዚህ ይመስለኛል።

ከአገራችን ሙዚቃ የትኛው ለሩጫ ይሻላል?

ጉራግኛን ማንም አይረታውም። ጭፈራው ራሱ በእግር ነው፤ ቆመው የሚሮጡ ነው የሚመስሉት። ችግሩ መጨረሻው አካባቢ እየፈጠነ የሚሄድ አለ፣ እናንተም አብራችሁ ትበራላችሁ፣ ከዚያ ቀጣዮቹን ሁለት ኪሎ ሜትር በወገብ ህመም። ለመጨረሻዋ ኪሎ ሜትር አስቀምጡት። ወላይትኛም ፈጣንና ደስ የሚል ነው። እዚሁ ከተማችን ደግሞ የሲዳማ ቄጣላ አለ። በሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል፣ በፍቼ ጫምባላላ፣ ጉዱማሌ አደባባይ የተገኘ ሰው ያውቀዋል፤ ብዙ ሕዝብ አንድ ላይ እየዘፈነ፣ በአንድ ምት መሬት እየረገጠ ሲመጣ ቆሞ ማየት አይቻልም። ለረጅምና ዝግ ላለ ሩጫ ይህን መሰል የጋራ ዜማ እመርጣለሁ፤ ቶሎ አይሰለችም።

ትዝታና አምባሰል ለማቀዝቀዣ ናቸው። ሩጫ መሐል ትዝታ ከገባ እግር ብቻ ሳይሆን ሰውየውም ይቆማል።

የዘፈኑ ዘመንም ለውጥ አለው። በሙሉ ባንድ የተቀዱት የድሮዎቹ ከበሮ መቺው ሰው ስለሆነ ትንሽ ይፈጥናሉ፣ ትንሽ ይዘገያሉ። ለጆሮ ያ ነው ውበታቸው። ለእግር ግን ኪቦርድ ባንዱን ከተካ በኋላ የመጡት ይመቻሉ፤ ማሽኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነው። ከካሴት ተገልብጠው የመጡ ቅጂዎች ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ቴፑ ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ ከሆነ የተቀዳው፣ ያው ዘፈን በሁለት ፋይል ሁለት ዓይነት ምት ይኖረዋል። አንዱን ቆጥራችሁ ሌላውን አትጫኑ።

በመዝሙር ወይም በመንዙማ መሮጥ ይቻላል?

ሐዋሳ ውስጥ ይህ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም። ከምት አንጻር በደንብ ይቻላል። የፕሮቴስታንት መዝሙሮች ውስጥ ፈጣንና ወጥ ምት ያላቸው ሞልተዋል፤ ብዙዎቹ ሯጮች ፕሌይሊስታቸው በሙሉ እሱ ነው። የኦርቶዶክስ መዝሙር ከበሮው አብዛኛውን ጊዜ ረጋ ብሎ ይጀምርና ወደ መጨረሻው ይሞቃል። ስለዚህ መጀመሪያ በሰፊው መራመድ፣ ሲሞቅ መሮጥ ነው። መንዙማም ድቤው ሲጀምር እንደዚያው ነው።

በመዝሙር ላብ ማፍሰስ ይገባል ወይ የሚለውን ለየራሳችሁ ህሊናና ለየሃይማኖት አባቶቻችሁ እተወዋለሁ።

የምወደው ዘፈን ትንሽ ይዘገይብኛል። ማፍጠን ይቻላል?

ይቻላል። ዱሮ ካሴት ሲፈጥን ዘፋኙ የሕፃን ድምፅ ያወጣ ነበር። አሁን ድምፁ ሳይቀጥን ምቱን ብቻ ማፍጠን ይቻላል። ኮምፒውተር ላይ ኦዳሲቲ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይሠራዋል። ስልክ ላይም ብዙ ማጫወቻዎች የፍጥነት ማስተካከያ አላቸው። 156ቱን ወደ 164 ለማድረስ 5 በመቶ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ይህን ያህሉን ጆሮ ብዙም አያስተውለውም። ከ10 በመቶ ካለፈ ግን ዘፈኑ ይበላሻል። ያን ጊዜ ሌላ ዘፈን መፈለግ ይሻላል።

አስተካክላችሁ ስልኩ ላይ ጫኑት። መንገድ ላይ በዳታ እያጫወቱ መሮጥ ኔትወርኩ ሲቆረጥ ምቱም አብሮ ይቆረጣል፤ ከካርዱም በላይ የሚያናድደው እሱ ነው።

ዘፈኖቹን በምን ቅደም ተከተል ልደርድር?

አንድ ሰዓት ገደማ ለሚሮጥ ሰው የምመክረው ይህን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘፈኖች ከመደበኛው እርምጃችሁ ዝቅ ያሉ ይሁኑ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው፤ ገና ከቤት ሲወጣ የሚወደውን ከፍቶ ይፈተለካል። ከዚያ መሐሉን በሙሉ ተቀራራቢ ምት ባላቸው ሙሉት። አንዱ 158፣ ቀጣዩ 174፣ ከዚያ 161 ከሆነ እግር ከሙዚቃው ጋር ሲጣላ ነው የሚውለው። በአንድ ዘፈንና በቀጣዩ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ወይም ከ4 ባይበልጥ ጥሩ ነው። ለመጨረሻው ሩብ ያህል የልባችሁን አስቀምጡ። ያኔ የሚያስፈልጋችሁ ወኔ ነው፣ ምቱ ትንሽ ቢዛባም ግድ የለም።

የእኛ ዘፈኖች መግቢያቸው ረጅም ነው። ሳክስፎኑ ወይም ማሲንቆው ለብቻው ግማሽ ደቂቃ የሚቆይበት ሞልቷል፣ ከበሮ የለም። ከቻላችሁ ቆርጣችሁ አውጡት። ካልቻላችሁ ያችን ጊዜ ውኃ ለመጎንጨት ተጠቀሙባት።

ለኢንተርቫል (ፈጣንና ዝግ ሩጫን ለሚያፈራርቅ ልምምድ) ሙዚቃ ይጠቅማል?

እንደ ሰዓት ይጠቅማል። አንድ ዘፈን በፍጥነት፣ አንድ ዘፈን በዝግታ መሮጥ ስልክ ማየት ያስቀራል። የአማርኛ ዘፈን ብዙውን ጊዜ 5 ደቂቃ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ስለሆነ ግን ለጀማሪ ይረዝማል፤ አዝማቹ ሲመጣ ብቻ መፍጠን ቀለል ያለው መንገድ ነው።

እጅግ ጠንክራችሁ ስትሮጡ፣ ሁለት ቃል እንኳ መናገር ስታቅታችሁ፣ ሙዚቃው ድካም የመሸፈን አቅሙን ያጣል። ሳንባና እግር ከዘፈኑ በላይ ይጮኻሉ። ስለዚህ ለ400 ሜትር ልምምድ ፕሌይሊስት ስታዘጋጁ ማምሸት አያስፈልግም።

ሐዋሳ ውስጥ ኢርፎን አድርጎ መሮጥ አደጋ የለውም?

አለው። ባጃጅ ከኋላ ይመጣል፣ ብስክሌት ደግሞ ድምፅ እንኳ የለውም፤ በሁለቱም በኩል የተደፈነ ጆሮ አስፋልት ላይ ቦታ የለውም። መንገድ ላይ ከሆናችሁ በአንድ ጆሮ ብቻ ስሙ፣ ትራፊኩን በፊት ለፊታችሁ አድርጋችሁ ሩጡ። ጆሮ የማይደፍኑ፣ ከጆሮ ፊት ለፊት አጥንት ላይ የሚቀመጡም አሉ። ዋጋቸው ይወደዳል እንጂ ለዚህ ሥራ አንደኛ ናቸው። የውጭ ድምፅ የሚያጠፋውን ሞድ ደግሞ መንገድ ላይ በፍጹም አትክፈቱ።

ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል ባለው አካባቢ መኪናው ይቀላል። እዚያም ግን ገና ሳይነጋ ከሸምበቆው ዳር የምትሮጡ ከሆነ ኢርፎኑን ኪስ ውስጥ ክተቱት። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ወደ ውኃው የሚመለሰው በዚያ ሰዓት ነው። ውሻም አለ። አባ ኮዳዎቹ፣ ሐይቅ ዳር የሚቆሙት ትልልቅ ወፎች፣ እንኳ ምንም አይሏችሁም፣ ዓሣቸውን ካልነካችሁ።

የድምፁን መጠን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ገደብ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በጣም ያጥራል። አጠገባችሁ የሚሮጠው ሰው ሲያናግራችሁ ካልሰማችሁት ቀንሱት።

ውድድር ላይ ይፈቀዳል?

ለሽልማት ለሚወዳደር አትሌት አይፈቀድም። በዓለም አትሌቲክስ ደንብ ስልክም ሆነ ሙዚቃ ማጫወቻ ይዞ መወዳደር እንደ ክልክል እርዳታ ይቆጠራል። ለሕዝቡ ግን እንደየአዘጋጁ ነው። የሐዋሳውን ግማሽ ማራቶን ለመሮጥ ያሰባችሁ ስትመዘገቡ ጠይቁ።

ቢፈቀድም እንኳ እዚያ ቀን እቤት ብትተዉት ይሻላችኋል። አዲስ አበባ ላይ ታላቁ ሩጫን የሮጠ ሰው ያውቀዋል፤ መንገዱ ዳር ባንድ አለ፣ ሕዝቡ ራሱ እየዘፈነ ነው የሚሮጠው። ያንን ዘግቶ የራስን ዘፈን መስማት ሰርግ ተጠርቶ ምሳ ዕቃ እንደመያዝ ነው።

ትልልቆቹ አትሌቶች ሙዚቃ ሳይሰሙ ነው እዚያ የደረሱት። ታዲያ ምን ያደርጋል?

እነሱ ምት አላጡም። አትሌቶቻችን በቡድን ሲሠሩ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፎ፣ የፊተኛውን እግር እየተከተለ ነው። የፊተኛው እግር ነው ሙዚቃው።

ደግሞ ሁሉም ሳይሰሙ አይደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1998 በእንግሊዝ በርሚንግሃም የ2,000 ሜትር የቤት ውስጥ ክብረ ወሰንን ሲሰብር፣ በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ የሚጫወተው እሱ የሚወደው ስካትማን የተባለው ዘፈን ነበር። ሰዓቱ 4 ደቂቃ ከ52.86 ሰከንድ። ኪሎ ሜትሩን በ2 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ማለት ነው። በእርግጥ ዘፈኑን ብቻ ወስዳችሁ ያንን ሰዓት አትጠብቁ።

ታቦር ተራራ ላይ ስወጣ ምቱ ይጠፋብኛል። ምን ላድርግ?

እርምጃውን ጠብቁ፣ ርዝመቱን ቀንሱ። ዳገት ላይ የሚሳሳቱት ብዙዎቹ ሜዳ ላይ የሚረግጡትን ያህል ርቀት በአንድ እርምጃ ለመሄድ ሲታገሉ ነው። ዘፈኑ 164 ከሆነ ዳገቱም ላይ 164 ምቱ፣ ግን እርምጃችሁ ግማሽ ቢሆንም ግድ የለም። ፍጥነታችሁ ይወርዳል፤ ይውረድ። ዳገቱ በጣም ቀጥ ሲል እየተራመዳችሁ ውጡት፤ ያችን የችክችካ ጭብጨባ አስታውሷት፣ 112ቷን።

ሲወርዱ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቁልቁለት እግርን ከዘፈኑ ያስቀድማል። ታቦር ቁልቁል ላይ ጠጠሩ ስለሚያንሸራትት ሙዚቃውን አጥፍታችሁ ዓይናችሁን መሬት ላይ አድርጉ።

ያለ ሙዚቃ መሮጥ አቃተኝ። ችግር አለው?

የስልካችሁ ባትሪ ያለቀ ቀን ከመንገድ የምትመለሱ ከሆነ፣ አዎ ችግር አለው። ሙዚቃ የሚሸፍነው ድካምን ብቻ አይደለም። የጉልበት ህመምን፣ የትንፋሽ ማጠርን፣ ከአቅም በላይ መሮጥንም ይሸፍናል። በሳምንት አንዱን ሩጫ ያለ ምንም ነገር ሩጡት። የእግራችሁን ኮቴ ስሙ። ከባድ ነው ወይስ ቀላል? ሁለቱ እኩል ናቸው ወይስ አንዱ ይጎተታል? በዚያው ቀን እርምጃችሁን እንደገና ቁጠሩ፤ ከወራት በኋላ ሊለወጥ ስለሚችል ፕሌይሊስቱም መስተካከል አለበት።

ከባለቤቴ ጋር ነው የምሮጠው። አንድ ፕሌይሊስት ለሁለታችን ይሆናል?

ቁመታችሁ ከተቀራረበ ሊሆን ይችላል። አለዚያ ይከብዳል። ጎን ለጎን በአንድ ፍጥነት እየሮጣችሁ እሱ 158፣ እሷ 170 ልትመታ ትችላለች። በአንድ ዘፈን ካሰራችኋቸው አንዱ ይንደረደራል፣ ሌላው ይጎተታል፤ ጭቅጭቁ ቤት ድረስ ይከተላል። የየራሳችሁን ዘፈን በአንድ አንድ ጆሮ ስሙ፣ በሌላው ተጨዋወቱ። ወይም ዝግ ባለው ቀን ሙዚቃውን ትታችሁ ወሬ ይሁን፤ ሳይቆራረጥ ማውራት ከቻላችሁ ፍጥነቱ ትክክለኛ የዝግታ ፍጥነት ነው።

ድምፅ ማጉያ ይዞ መሮጥ ግን ይቅር። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሐይቅ ዳር የመጣ ሰው ሁሉ የእናንተን ዘፈን ፈልጎ አልመጣም።